ሥራ የፈታ ወንድ ቤቱ ውስጥ ምን ያደርጋል?

ከሥራ የተቀነሰ ወንድ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን ከማንም በላይ የምታውቀው ሚስቱ ናት። እሱማ ሐሳብ ውስጥ ስለሆነ አያስተውለውም። እኔም ያወቅኩት ቆይቶ ነው፤ ያውም ሰው ነግሮኝ። ይህን የምጽፈው በቅርቡ ደሞዝ ለቆመባችሁ ወንድሞች ነው። በተለይ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ለምትመላለሱና «ወንድ የቤቱ ራስ ነው» የሚል ስብከት ሲጀመር አንገታችሁን ለምትደፉ።

የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ሲጀምር ከተማው ሌላ መልክ ያዘ። ከየገጠሩ የመጡ ልጆች አራት አምስት ሆነው ቤት ይከራዩ ነበር። ጠዋትና ማታ ሰርቪሱ መንገዱን ይሞላዋል። እኔ የገባሁት በ2009 ነው፤ የስፌት ማሽን መካኒክ ሆኜ። መርፌ ሲሰበር፣ ማሽኑ ክር ሲበላ የምጠራው እኔ ነበርኩ። ደሞዙ የሚያስጨፍር አልነበረም፤ ግን ወር ሲደርስ ይገባል። የቤት ኪራዩም፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትም፣ አስራቱም ከዚያው ነው።

ከዚያ የአጎዋ ነገር መጣ። አጎዋ የአፍሪካ አገሮች ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ የሚፈቅድ የአሜሪካ ሕግ ነው። ኢትዮጵያ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከዚህ ዕድል ወጣች። ወደ አሜሪካ የሚልኩ ፋብሪካዎች ትእዛዝ ቀነሰባቸው፤ አንዳንዱ ጭራሽ ዘጋ። እኛም ጋ ቅነሳው ሲጀመር ስሜ ዝርዝሩ ውስጥ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ድርጅት በራሱ ችግር ሠራተኛ ሲቀንስ የሚከፍለው ገንዘብ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደሚለው፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ ይታሰባል። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል፤ ጣሪያው የ12 ወር ደሞዝ ነው። ቅነሳ ከሆነ ደግሞ በላዩ ላይ የ60 ቀን አለ። አምስት ዓመት የሠራ ሰው በድምሩ የ130 ቀን ደሞዝ ያገኛል ማለት ነው። ለእኛ መጀመሪያ የመጣው ወረቀት ላይ 60ው ቀን አልነበረም። ከመሃላችን ሕጉን የሚያውቅ አንድ ልጅ ባይጮህ ኖሮ ፈርመን እንወጣ ነበር። ሒሳቡን ራሳችሁ ሳትሠሩት አትፈርሙ። «ቆይ፣ በኋላ እጠይቃለሁ» ማለትም አያዋጣም፤ እንዲህ ዓይነቱ የክፍያ ጥያቄ ስድስት ወር ካለፈው በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ አይሰማም።

ገንዘቡ ገባ። የመጀመሪያው ሰሞን እንደ ዓመት ፈቃድ ነበር ያሳለፍኩት። ልጆቹን ትምህርት ቤት አደርስና ፍቅር ሐይቅ ሄጄ እቀመጣለሁ። ስልክ እነካካለሁ፣ ለምሳ ቤት እመለሳለሁ። ሥራ ፍለጋውም ነበር፤ ግን በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ መካኒክ ከማሽኑ በዝቷል።

ባለቤቴ ቀድሞም ለጎረቤት እንጀራ ትጋግር ነበር። እኔ ስቀመጥ አበዛችው። ከአንድ ምግብ ቤትና ተከራይተው ከሚኖሩ ተማሪዎች ጋር ተነጋግራ በየቀኑ ማስረከብ ጀመረች። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ትነሳለች። እኔ አልጋ ላይ ሆኜ አክምባሎው ሲነሳና ሲገጠም እሰማለሁ። አልነሳም። የሴት ሥራ ነዋ!

ሲነጋ ደግሞ በሆነ ባልሆነው እቆጣለሁ። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ልጆቹ ጮኹ፣ ካልሲዬን ማን ነካው። በዚያ ላይ የእንጀራውን ብር ማታ ማታ እንድታስረክበኝ እፈልግ ነበር። ራስ ነኛ። ሊጡ ስንት ቀን እንደሚቦካ እንኳ የማያውቅ ራስ!

ጸሎቴም ደረቀ። እንበረከካለሁ፣ ሁለት ቃል ተናግሬ እነሳለሁ። ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 3 ቁጥር 7 ላይ ባሎች ሚስቶቻቸውን በማስተዋል እንዲይዙና እንዲያከብሩ ይነግራቸዋል። ምክንያቱንም ያስቀምጣል፤ ጸሎታችሁ እንዳይከለከል ይላል። ይሄ ክፍል በሰርጋችን ቀን ተነቦልን ነበር። ያን ቀን በጆሮዬ የቀረው ከእሱ በፊት ያለው፣ ለሚስቶች የተጻፈው ብቻ ነው።

ረቡዕ ማታ በሰፈራችን የቤት ኅብረት አለ። አንድ ረቡዕ ሥራ ላጡ ወንድሞች እንጸልይ ተባለ። ከጸሎቱ በፊት አንድ ወንድም ቃል ላካፍል አለና አንደኛ ጢሞቴዎስ 5 ቁጥር 8ን ከፈተ። ስለ ቤተሰቡ የማያስብ ሰው ሃይማኖቱን የካደ፣ ከማያምን ሰው እንኳ የከፋ ነው የሚለውን። ከዚያ «ወንድሞች፣ እንነሳ፣ ቤታችንን እንመግብ» አለ። ሰውዬው ክፉ አይደለም። እኔን እያየም አልተናገረም። ግን ክፍሉ ውስጥ ሥራ ያልነበረን ወንዶች ማን ማን እንደሆንን ሁሉም ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ረቡዕ በመጣ ቁጥር ራሴን ያመኝ ጀመር።

እናንተ እንዲህ አታድርጉ። ቃሉ ካመማችሁ የተናገረውን ሰው ለብቻው አግኙትና ንገሩት። ከኅብረት የቀረ ሰው ሥራ ያለበትን ወሬ እንኳ የሚሰማበት ጆሮ የለውም። እኔ በቀረሁበት ጊዜ አንድ የጥገና ሥራ ኅብረቱ ላይ ተነግሮ ሌላ ሰው ወስዶታል። ያ ደግሞ ሌላ ሆድ መባስ አመጣ።

በዚያው ሰሞን ከሌላ ከተማ የመጣ አንድ አገልጋይ ቤታችን ገባ። የስንብት ገንዘብ እንዳለኝ ሰምቷል። የሥራ በርህ የተዘጋው በመንፈስ ነው አለ። ዘር ከዘራህ በእጥፍ ይከፈታል አለ። እኔ እውነቱን ለመናገር ልቤ ተንቀሳቅሶ ነበር። ባለቤቴ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣችና «አስራታችንን ከፍለናል። ይሄ የልጆች የትምህርት ቤት ነው» አለችው። ከዚያ በአክብሮት ቡና ቀዳችለት። ጠጥቶ ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣም። ሰው ሲጨንቀው ሰጥቶ መገላገል ያምረዋል። በጭንቀት ሰሞን ትልቅ ገንዘብ በሚመለከት ጉዳይ ለብቻችሁ አትወስኑ። መንፈሳዊ ስም ያለው ጉዳይ ከሆነማ ጭራሽ።

ቀጥሎ የመጣው የደላላው ወሬ ነው። ደቡብ አፍሪካ። በእኛ በኩል እዚያ ዘመድ የሌለው ቤት ብዙ አይደለም። ወንድ ልጅ ሲቸግረው ይሄዳል፤ ሄዶ ይልካል፤ በላከው ቤት ይሠራል፤ ይከበራል። መንገዱ በሞያሌ ኬንያ ገብቶ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ እያለ ይወርዳል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ቴቴ በሚባል ግዛት፣ በመኪና ላይ በተጫነ ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ነው የተነገረው። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ከደላላው ጋር ዋጋ እነጋገር ነበር። እዚህ ተቀምጦ የሚስት እንጀራ ከመብላት መንገድ ላይ መቅረት የሚያስከብር መስሎኝ።

አባባ ከይርጋለም የመጡት በዚህ መሃል ነው። የባለቤቴ አባት ናቸው። ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ልጃቸው ከእኔ ጋር ጸሎት ቤት መሄድ ስትጀምር አዝነው ነበር። ግን አልራቁንም። ማታ በረንዳ ላይ ሆኜ ከደላላው ጋር ስነጋገር ሰምተዋል። ያን ማታ ምንም አላሉም። ጠዋት ልጆቹ ከወጡ በኋላ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ዮሴፍን ታውቀዋለህ?»

«የቱን፣ አባባ? ወንድሞቹ የሸጡትን?»

«የለም፣ አረጋዊውን። የእመቤታችንን ጠባቂ።»

በዮሴፍ ዕድሜም ሆነ በሌላው ነገር እኔና አባባ አንስማማም። ያንን ለሌላ ቀን ትተን ዝም ብዬ ሰማሁ።

«ጻድቅ ተብሎ ተጽፎለታል» አሉኝ። «ሀብታም ግን አልነበረም። ጌታን ይዘው ቤተ መቅደስ ሲሄዱ ምን አቀረቡ? ሁለት ወፍ ነው። በግ መግዣ አልነበራቸውም። ሄሮድስ ሲነሳበት ደግሞ የጥርብ ሥራውን፣ አገሩን ትቶ ወጣ። እንግዲህ ግብፅ ሲደርስ ሥራ ፈት አይደለም እንዴ? ግን ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ነው የሄደው። አንተ እኮ ጥለሃቸው ልትሄድ ነው።»

መልስ አልነበረኝም። አባባም መልስ አልጠበቁም፤ ጋቢያቸውን አስተካክለው ፀሐይ ፍለጋ ወጡ።

ቀን ላይ መጽሐፍ ቅዱሴን አወጣሁ። ሉቃስ 2 ቁጥር 24 ላይ ያለው መሥዋዕት ከሌዋውያን 12 የመጣ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው የአንድ ዓመት ጠቦት ነው። ጠቦት ለመግዛት አቅም የሌላት ሴት ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩት ታቅርብ ይላል። ማለትም ጌታችን ያደገበት ቤት በግልጽ የድሃ ቤት ነው። እግዚአብሔር ልጁን ያሳደገው በግ መግዛት በማይችል ወንድ እጅ ነው። ስንት ዓመት ይህን ክፍል በገና ሰሞን ስሰማ ኖሬ አንድ ቀን እንዲህ አላየሁትም።

ሌላም አየሁ። በወንጌሎቹ ውስጥ ዮሴፍ የተናገረው አንድም ቃል አልተጻፈም። ሲነገረው ይነሳል፣ ያደርጋል። ማርያም ፀንሳ ባገኛት ጊዜ አደባባይ ሊያወጣት ይችል ነበር። እሱ ግን ሊገልጣት አልፈለገም፤ በስውር ሊተዋት አሰበ። መልአኩ ገና አልመጣም፤ እውነቱንም አላወቀም። በዚያ ሰዓት፣ ተከድቻለሁ ብሎ በሚያስብበት ሰዓት፣ እሷን ላለማዋረድ ነው የተጨነቀው። እኔ ግን በጠፋች ካልሲ ቤቱን የማናውጥ ሰው ነበርኩ።

ለደላላው ደውዬ ተወው አልኩት። እስካሁን ቅር ሳይለው አይቀርም።

በሚቀጥለው ሌሊት ባለቤቴ ስትነሳ አብሬያት ተነሳሁ። «ምን ሆንክ? አመመህ?» አለችኝ። ላግዝሽ ስላት ምንም ሳትል ማሰሻውን አቀበለችኝ። ጎመን ዘር ተደርጎ ምጣዱ ይታሰሳል፤ ይህን ተማርኩ። ሊጡ ከዳር ጀምሮ ወደ መሃል ይዞራል፤ እጅ ከቆመ ይወፍራል፣ ከቸኮለ ይቀደዳል። ዓይኑ እስኪወጣ ይጠበቃል። ከዚያ አክምባሎ። ዳሩ ሲላቀቅ በሰፌድ ይወጣል። የእኔ የመጀመሪያው ካርታ ነበር፤ ያውም የተቀደደ ካርታ። ባለቤቴ ሳቋ አመለጣት። የተበላሹትን ለቁርስ ፍርፍር አደረገቻቸው፤ ልጆቹም «አባዬ የሠራው» እያሉ በሉ።

ጋገራውን ዛሬም እሷ ትበልጠኛለች። እኔ የያዝኩት የቀረውን ነው። ጤፍ ወፍጮ ቤት ማድረስ፣ ውሃ መቅዳት፣ እንጀራውን ቆጥሮ በባጃጅ ማድረስ፣ ቀሪ ሒሳብ መሰብሰብ። ሰፈር ውስጥ «የእንጀራ ባል» የሚል ስም ወጣልኝ። መጀመሪያ ቆጨኝ። በኋላ ግን ሲጠሩኝ አቤት ማለት ጀመርኩ፤ ቀልዱም ሰለቻቸው መሰለኝ ተዉት። ወንዶች ይስቁብኛል ብላችሁ የምትፈሩ ካላችሁ፣ ይስቃሉ። አጭር ጊዜ ነው። ሴቶቹ ግን ባሎቻቸውን «እሱን አታይም?» እያሉ ስላስቸገሯቸው ጥቂት ጠላት አፍርቻለሁ።

በዚያ ወቅት ሁለት ክፍሎች ብዙ ረድተውኛል። አንዱ ዮሐንስ 21 ነው። ከትንሣኤው በኋላ ደቀ መዛሙርቱ ሌሊቱን ሙሉ ዓሣ ሲፈልጉ አድረው ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ጌታ ባሕር ዳር ይጠብቃቸዋል። ፍም አንድዷል፣ ዓሣ ጠብሷል፣ እንጀራም አለ። ኑ ብሉ ይላቸዋል። ጠዋት አሞራ ገደል ሄዳችሁ ዓሣ አስጋሪዎቹ ደክሟቸው ከጀልባ ሲወርዱ ያያችሁ፣ ያቺ ሰዓት ትኩስ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሞትን ያሸነፈው ጌታ ምግብ ሠርቶ ጠበቃቸው። ከዚህ ወዲያ ማድ ቤት የሴት ነው የሚል ሰው ከእኔ ጋር ሳይሆን ከዮሐንስ ጋር ይከራከር።

ሁለተኛው ሉቃስ 8 ነው። መግደላዊት ማርያም፣ ዮሐና፣ ሶስና እና ሌሎች ብዙ ሴቶች በገንዘባቸው ጌታንና ደቀ መዛሙርቱን ያገለግሉ ነበር ይላል። ጌታ ሴቶች ባዋጡት ገንዘብ ተጉዟል፣ በልቷል። አላፈረበትም። እኔ በሚስቴ ገንዘብ ስበላ የማፍረው ከማን በልጬ ነው?

የገንዘቡን ነገርም አስተካከልን። ብሩ እሷ ጋ ይቀመጣል። ቅዳሜ ማታ ልጆች ሲተኙ ደብተር አውጥተን አብረን እናሰላለን፤ የጤፍ፣ የመብራት፣ የባጃጅ፣ የአስራት። የስንብቱን ገንዘብ ለሁለት ከፈልነው። አንዱ ለልጆች ትምህርት ቤት እንዳይነካ ተቀመጠ፤ በሌላው ጤፍ በኩንታል መግዛት ቻልን። በኪሎ እየገዙ እንጀራ መሸጥ ለወፍጮ ቤቱ መሥራት ነው። ከተቀነሳችሁ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ይህን ሒሳብ ከሚስታችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ሥሩት። እኛ የሠራነው በጣም ዘግይተን ነው፤ ያለቀው ብር የት እንደገባ ግማሹን ማስታወስ እንኳ አልቻልንም።

አንድ ቀን የኤሌክትሪክ ምጣዳችን ሽቦ ተቃጠለ። ፈታሁት፣ ቀየርኩት፣ ሠራ። ጎረቤት አየችና የሷን አመጣች። ከዚያ የእህቷን። ለካ በየቤቱ የተበላሸ ምጣድ ነበር። ምጣድ ይዤ በየቤቱ ስገባ ስፌት ማሽንም አገኝ ጀመር። አሁን ቀን ቀን ገበያ አካባቢ ላሉ ልብስ ሰፊዎች ማሽን እጠግናለሁ። ገቢው እንደ ፋብሪካው ወር ጠብቆ አይመጣም። አንዳንድ ወር ባለቤቴ ትበልጠኛለች፤ አንዳንድ ወር እኔ። ደብተሩ ላይ ተጽፏል፤ ማንም አይጣላበትም።

ወደ ኅብረት ስመለስ ያንን ወንድም ለብቻው አገኘሁትና ያመመኝን ነገርኩት። ደነገጠ። አብረን አንደኛ ጢሞቴዎስ 5ን ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበብነው። ቁጥር 8 ያለበት ክፍል ስለ መበለቶች ነው። ልጆችና የልጅ ልጆች ለእናቶቻቸው፣ ለአያቶቻቸው ብድራት ይመልሱ ነው የሚለው። ቁጥር 16 ላይ እንዲያውም ዘመድ መበለት ያለቻት ምእመን ሴት ራሷ ትርዳ ይላል። እስከዚያ ድረስ ስለ ደሞዝ አንድ ነገር የለውም። እኔ የይርጋለሟን አማቴን ሳልጠይቅ ስንት ወር እንዳለፈኝ ያን ማታ ትዝ አለኝ። ስለዚህ ቃሉ ለእኔ አይደለም ብዬ አላመለጥኩም፤ የያዘኝ ግን ሌላ ቦታ ነው።

ስለ ራስነት የሚጠይቁኝ አሉ፤ ወንድ ሥልጣኑን አይለቅም ወይ ይላሉ። ኤፌሶን 5 ቁጥር 25 ባሎችን ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደ ወደደ፣ ራሱንም ስለ እሷ አሳልፎ እንደ ሰጠ ውደዱ ይላል። እኔ ያለኝ መልስ ይሄው ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትሞክሩት ክርክሩ ያልቃል።

ለሽማግሌዎችና ለኅብረት መሪዎችም አንድ ነገር ልበል። ሥራ ያጣ ወንድ ስብሰባ መሃል ቃል አይካፈልበት፤ ቤቱ ይኬድለት። የእኛ ኅብረት አሁን ቅነሳ ሲሰማ ሁለት ሰው ይልካል። መጀመሪያ የስንብት ወረቀቱን ያያሉ፤ 60ው ቀን መታሰቡን ያረጋግጣሉ። ቀጥሎ የቤት ኪራዩ እስከ መቼ እንደተከፈለና እጁ ላይ ምን ሙያ እንዳለ ይጠይቃሉ። ጸሎቱም እዚያው ነው፣ ሚስቱ ባለችበት።